ከመንጠቆ ወደ ፈጣም

ጎጃምን በካርታ ብቻ ለሚያውቁ፣ ቡሬ ሲባልም ቶሎ በርበሬ ትዝ ለሚላቸው ጓደኞቼ ስል ይህን ጻፍሁ። ከተመለስሁ ሰነበትሁ፤ እጄ ግን አሁንም ወንዝ ወንዝ ይሸታል። ፒያሳ ካለችው የሰዓት መጠገኛ ሱቄ ተቀምጬ የደንበኛ ሰዓት ስከፍት፣ ጥርሶቹ ሲንቀሳቀሱ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ የምሰማ ይመስለኛል። ደንበኛው “ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?” እስኪለኝ ድረስ እዚያው እቆያለሁ።

ጉዞው የታደገ ሐሳብ ነበር። ታደገ የሱቅ ጎረቤቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ የቡሬ ልጅ። እሱና እኔ፣ ሌሎችም ጥቂት ሰዎች፣ ሥራ በሌለን ቀን አዋሽ ዳር ወርደን መንጠቆ ጥለን እንውላለን። ልማዱን ያስተማረኝ አንድ አርመን ደንበኛዬ ነው። ሽማግሌው ከመንጠቆው ጋር አንድ ሕግም አስተምሮኛል፦ ለራትህ የሚበቃህን ያዝ፤ ትንሹንና እንቁላል ያዘለችውን ግን እንደ ጎረቤት ዕቃ ሳትሰብር መልስ። እኔም ይህን ሕግ ለጓደኞቼ ስሰብክ ዓመታት ሆኑኝ። ሰዓት ቢሰበር እጠግነዋለሁ፤ የተራቆተ ወንዝ ግን የሚጠገንበት ጉጠት የለኝም።

ታደገ ግን አይሰማም። የያዘውን ሁሉ በሲባጎ ሰክቶ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ካልሄደ ዓሣ ያጠመደ አይመስለውም፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይበላሽበታል። ምክር ስጀምርለት፣ “የያዝሁትን ልቀቅ ማለት እኮ የሰፋሁትን ሱሪ ተርትር ማለት ነው” ይለኛል። እስቃለሁ።

በዚያ ዓመት ሐዘን ደረሰበት። ያሳደጉት አጎቱ አቶ አያሌው አረፉ። በኅዳር ደግሞ የአጎቱ ሚስት ወይዘሮ አትጠገብ የጽዮን ማርያምን ማኅበር በባላቸው ተራ ሊደግሱ ነው ተባለ። “ብቻቸውን አልተዋቸውም” አለኝ። “ቤታቸው ሥር ደግሞ የፈጣም ወንዝ አለ። ዓሣው ክንድ ያህላል።” ሐዘኑንም ዓሣውንም በአንድ ትንፋሽ ነበር የነገረኝ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ተሳፈርን። የቀርከሃ ዘንጎቻችን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በጨው ጆንያና በአንድ የሙሽራ ፍራሽ መካከል ታሰሩ። በማርማላታ ቆርቆሮ የሞላሁትን የቀበና ትል ግን ለረዳቱ አላምን ብዬ ጉልበቴ ላይ ያዝሁ። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ዓለም ወደ ታች እየፈሰሰ ነበር፤ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀምረናል። ብርድ ለብሰን የወጣን ሰዎች ኮታችንን አወለቅን፣ ቀጥሎም ሹራባችንን፤ ጆሯችን ተደፈነና ሰው ሁሉ አፉን እያንቀሳቀሰ ድምፁ የማይሰማ መሰለኝ። ወዲያ ማዶ ዳገቱ ላይ የሞተሩ ውሃ ፈላና ወረድን። እታች ውሃው ሳይቸኩል ይሄዳል። ቀበናን አሰብሁ፤ ልብስ የሚታጠብባትን፣ በበጋ የምንዘላትን ቀበናዬን፣ አፈርሁላት። ሾፌሩ ሞተሩን አጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ እዚያው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ የደረስነው ብርዱ ተመልሶ ኮታችንን ካስለበሰን በኋላ ነው።

ማክሰኞ ደምበጫን አልፈን፣ የተምጫንና የብርን ወንዞች ተሻግረን ስንሄድ ጤፉ ታጭዷል፤ ነዶው በየማሳው ተከምሯል። እኔ መስኮቱን ተደግፌ እያለምሁ ሳለ የቆርቆሮው ክዳን ተከፈተ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በነጭ ጋቢያቸው ላይ የሚሄደውን ትል በጣታቸው ከፍ አድርገው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

“ይኼ ኸየት መጣ?” አሉ።

“ከአዲስ አበባ ነው አባቴ፤ ይቅርታ” አልሁ።

“ጎጃም ምን ኸፋበት፣ ትል ታጣ ተብሎ ነው?” አሉና መልሰው ቆርቆሮዬ ውስጥ አኖሩልኝ። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ የቀሩትን ትሎች ከመቀመጫው ሥር እየለቀሙ ያቀብሉኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከተማዋን “ወጀት” እያሉ ነው የሚጠሩት፤ አዲሱ ስም አፋቸውን አልለመደውም።

ፍኖተ ሰላም ያደርነው ሦስት አልጋ ካላት አንዲት ምግብ ቤት ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የተልባ ወጥና የሱፍ ፍትፍት አቀረቡልን፤ ጾመ ነቢያት ከገባ ሳምንት አልሞላውም። አዲስ አበባ ቢሆን አስተናጋጁ ሳህኑን አስቀምጦ ዘወር ይላል፤ እዚህ ግን አጠገባችን ቆመው ጉርሻ በጉርሻ ይከታተሉናል። የተጣለ ቆርቆሮ መስሏቸው ትሉን ለዶሮዎቻቸው መድፋታቸውን ያወቁት ማለዳ ነው። ደነገጡ። ግድ የለም ብላቸውም እምቢ ብለው መቆፈሪያ ይዘው ከጎመኑ መደብ ውስጥ ገቡና ቆርቆሮዬን የወጀት ትል ሞልተው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ከቀበናው ይወፍራል።

ረቡዕ በማንኩሳ አልፈን ቡሬ ገባን። በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ አገሩ ሁሉ ቀይ ነው፤ ከአውቶቡስ ሳልወርድ ማስነጠስ ጀመርሁ። ከዚያ በእግራችን ወደ ፈጣም አቅጣጫ ሄድን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተማው ቀረ፤ ሰው ቀረ፤ የታደገና የእኔ ጥላ ብቻ ገለባው ላይ እየረዘሙ ቀደሙን። እየተራመድሁ ተኝቼ ይሆናል፤ ምክንያቱም ውሃው ከመታየቱ በፊት ሰማሁት፣ ከዚያ ረሳሁት፣ ከዚያ ድንገት እግሬ ሥር ነበር። ጥልቅ ኩሬ፣ በብርብራ ዛፍ የተከበበ፣ አረንጓዴ። ትንንሽ ዓሦች ጠርዙ ላይ እንደ ተበተነ መርፌ ያብለጨልጫሉ። ትልቅ ግን አላየሁም።

ወይዘሮ አትጠገብ ጥቁር ለብሰው ደጅ ወጥተው ተቀበሉን። ታደገን አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው እኔን ተመለከቱ። “አንተ የሰዓቱ ሰው ነህ አሉ። ግባ፤ እዚህ ሰዓት የምናየው ኸሰማይ ላይ ነው” አሉኝ።

ቤት ውስጥ ከበሩ አጠገብ በቁና የተሞላ ጥቁር ቡናማ ፍሬ ተቀምጧል። ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁ።

“ብርብራ ነዋ። አያሌው ኸመሞቱ በፊት የለቀመው ነው። በየዓመቱ ለማኅበሩ ወቅጦ ኩሬው ውስጥ የሚጨምረው እሱ ነበር። ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ መልቀም ነው።”

ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ የተወቀጠው ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣው መተንፈስ ይሳነዋል፤ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይወጣል። ያ የመርፌ ብልጭታ ሁሉ ታወሰኝ።

“ዓምናስ ዓሣው እንዴት ነበር እትዬ?”

“ዓምናማ ጣት የሚያክለው በዛ። ኸድሮው ጋራ አይገናኝም። ዘመኑ ነው እንጂ።”

“ዘመኑ አይመስለኝም” አልሁና፣ ሳላስበው፣ ስብከቴን ጀመርሁ። ብርብራ እናትና ልጅ እንደማይለይ፣ መንጠቆ ግን እንደሚያስመርጥ፣ የማይገባውን በሕይወት መመለስ እንደሚቻል ነገርኋቸው። መንጠቆዎቼን አወጣሁ። ዓሣው አፍ ውስጥ የሚቀረቀረውን ኋላ ዞር ያለ እሾህ በሰዓት ጉጠቴ ደፍጥጬ፣ በሞረድ አለስልሼዋለሁ፤ ሲነቀል አይቀድም። በደረቅ እጅ ከተነካ ገላውን የሚጠብቀው የሚያዳልጥ ልባሱ እንደሚላጥ፣ ስለዚህ አስቀድሞ እጅን ማርጠብ እንደሚያስፈልግም አሳየሁ።

የማኅበሩ ቄስ አባ አድማሱ ለነገው ዋዜማ መጥተው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓሣም ደም አለው ብለው በጾም የማይበሉ ሰው ናቸው። ሳቁ።

“ወግቶ ማሰናበት! አፉን ወግተህ ‘በደኅና ግባ’ ብትለው ምን ጽድቅ አለው ልጄ? ራብህ ኸሌለ መጀመሪያውን መንጠቆህን አትጣለዋ።”

ልክ ናቸው ብዬ አሰብሁ፤ አሁንም አስባለሁ። “ጽድቅ ነው አልልም አባ። ሳልበላም ለጨዋታ የምጥልበት ቀን ብዙ ነው። ግን ካጠመድሁ አይቀር፣ አፉ ተጭሮ የሚዋኘው ከሞተው ይሻላል” አልኋቸው።

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። የተናገሩት ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው።

“ነገሩ ሸጋ ነው። የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። ባሌ በሕይወቱ ሳለ ይህ ገበታ ዓሣ ጎድሎበት አያውቅም። ዘንድሮ ተራው በእኔ እጅ ወደቀ። ለማኅበርተኛው አንድ አንድ፣ ለአያሌውም አንድ ያስፈልገኛል።” በዚያ ማኅበር ሙት ዓመቱ እስኪደርስ የሟች ድርሻ ከወንበሩ ፊት ይቀመጣል፤ በኋላ ለነዳይ ይሰጣል። “ነገ እስኪመሽ በመንጠቋችሁ ሞክሩት። ኸበቃ ብርብራው ይቀራል። አንድ እንኳ ኸጎደለ ግን ዓርብ ማለዳ ወቅጨ እጨምረዋለሁ። በባሌ ወንበር ተቀምጨ አልታማም።”

ሐሙስ ጉም ኩሬው ላይ ተኝቶ አገኘነው። ታደገ ከአንዱ ድንጋይ፣ እኔ ከሌላው ተቀመጥን፤ እሱን አላየውም፣ የክሩን ፉጨት ብቻ እሰማለሁ። ጉሙ ሲነሣ ውሃው ሰማይ ሆነ፣ ዛፎቹም በግንባራቸው የቆሙ መሰሉ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ዓሣ ቢመጣም ባይመጣም ግድ የለኝም። ያን ቀን ግን ግድ ነበረኝ። ክሩ በተነቃነቀ ቁጥር ያ ከበሩ አጠገብ ያለው ቁና ትዝ ይለኛል።

መጡ፤ በቀስታ። ሆዳቸው ቢጫ፣ ጀርባቸው ጥቁር። ለሰው የሚቀርበውን በሲባጎ እየሰካን ጥላ ባለበት ውሃ ውስጥ አቆየነው። ትንንሹን እየመለስን ነው፤ ታደገ በእያንዳንዱ ያጉረመርማል። ደህና የሚባሉትም ከተደፈጠጠው መንጠቆ እየሾለኩ አመለጡት።

“ይኼ መንጠቆ ነው ምክር?” ብሎ ጮኸ። “ማንንም አይዝም እኮ!”

“ክሩን አታላላ። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው” አልሁት።

“መጀመሪያ እንያዘውና ነው ብልሃቱ።”

ቀትር አለፈ። ከወንዙ ማዶ ከብቶች ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ፀሐይ ከዛፎቹ በታች ስትገባ ሲባጎው ላይ ያለውን ሁለታችንም በዓይናችን ቆጠርን፤ የጎደለን አንድ ነው። ወይዘሮ አትጠገብና አባ አድማሱ ቁልቁል ወርደው ከኋላችን ቆሙ። የውሃው መልክ ወርቅ ሆነ፣ ከዚያ መዳብ።

የታደገ ዘንግ ጎበጠ። እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም፤ ክሩን ሳያላላ፣ ሳይጎትት፣ እንደማውቀው ታደገ ሳይሆን አመጣት። ክንድ ታህላለች፤ እንደ ፎከረው ነው። ከውሃው ሳያወጣ ከሥሯ እጁን አስገባ፤ ፊቱ ተለወጠ።

“ሆዷ ሞልቷል” አለኝ በቀስታ። “እንቁላል ይዛለች።”

ክረምቱ ካለፈ ወዲህ እንቁላል ያዘለች አንድም አላገኘንም ነበር። ዘግይታ የቀረች ናት። ታደገ ቀና ብሎ አየኝ። ለዓመታት የሰበክሁት እኔ ነኝ። ይህችን ከመለስን ነገ ኩሬው በሙሉ ይሞታል፤ ልጆቿም ጭምር። ይህችን ከያዝን ኩሬው ይተርፋል፤ እኔ ግን ምን ስሰብክ ኖርሁ? ልቤ ወደ ሁለቱም ሮጠና የትም ሳይደርስ ቀረ። ሰዓት በምጠግንበት እድሜዬ አንዲት ደቂቃ እንደዚያ ረዝማብኝ አታውቅም።

ታደገ ከእኔ መልስ ሲያጣ ዞሮ የአጎቱን ሚስት አየ። ከዚያ ሌላውን እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረጠበ። መንጠቆውን በሁለት ጣቱ አወጣ። ራሷን ውሃው ወደሚመጣበት በኩል አዙሮ፣ ሳስተምረው ያልሰማ የመሰለኝን ሁሉ እያደረገ፣ ደግፎ ቆየ። የመተንፈሻ ስንጥቧን ከፈተች፣ ዘጋች። ሄደች።

ፀሐይዋ ገባች። ታደገ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ “ተረተርሁት” አለኝ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

ወይዘሮ አትጠገብ ሲባጎውን ከውሃ አንሥተው አዩና ወደ ቤት ወጡ። በራትም እንደ ወትሮው ብሉ ብሉ አሉን እንጂ ስለ ዓሣው ቃል አልወጣቸውም። ያ ዝምታ ለታደገ ከስድብ ከበደው። “ለአንዲት ዓሣ ብዬ አዋረድኋቸው” አለኝ ስንተኛ።

ዓርብ ስነቃ ነግቷል። ቁናው ከበሩ አጠገብ የለም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ቁልቁል ሮጥሁ፤ ነጭ ነጭ ሆድ ተንሳፍፎ አያለሁ ብዬ ነው። ውሃው ግን ጸጥ እንዳለ ነው፤ ጉሙም በላዩ አለ። ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ብርብራ ይወቅጡበት ከነበረው ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁናው እንደ ሞላ ጉልበታቸው ላይ ነው።

“ልወቅጥ መጥቼ ነበር” አሉኝ ሳይዞሩ። “ያቺን ያየኋት መሰለኝ፤ ኸዚያ ኸዛፉ ሥር ጋ። ሌላም ትሆን ይሆናል። ግን እሷ መሰለችኝ።”

እኔም አየሁ፤ ረጅም ጥላ ነው። ጉሙ ሸፈነው። ጥላውን በእርግጥ አይቼ ይሁን ወይም ሳልነቃ ቀርቼ እስካሁን አላውቅም።

“ታዲያ ለእንግዶቹ ምን ይሏቸዋል እትዬ?”

“አላውቅም። እስቲ ቅዳሴ ላስቀድስ” ብለው ቁናውን ይዘው ተነሡ።

ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኛው ገባ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ጽዋው ዞረ። በየሰዉ ፊት ሽሮና ዓሣ ቀረበ። ከአቶ አያሌው ባዶ ወንበር ፊት ግን እንጀራና ሽሮ ብቻ። ታደገ ከምሰሶው ሥር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከማኅበርተኞቹ አንድ አዛውንት ገበታውን አይተው፣ በትሕትና፣ እንዲህ አሉ፦

“እሜቴ፣ የአያሌው ድርሻ ዓሣ ሳይኖርበት ቀረሳ?”

ወይዘሮ አትጠገብ የያዙትን እንስራ አስቀመጡ።

“አልቀረም” አሉ። “የእሱ ድርሻ ፈጣም ውስጥ ናት። እድሜውን ሙሉ ኸዚያ ሲያወጣ ኖረ። ትናንት በእኅቱ ልጅ እጅ አንዲት መለሰ።”

አዛውንቱ ገበታውን፣ ቀጥሎም ታደገን ተመለከቱ። አባ አድማሱ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሁሉም ተነሣ። “እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር” አሉ፤ “አሜን” አልን። ታደገ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወይዘሮ አትጠገብ ሄደው በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት፣ ቀጥለውም በእጃቸው አጎረሱት።

ቅዳሜ ስንነሣ ወይዘሮ አትጠገብ እስከ ኩሬው ሸኙን። ማር በቅል ሰጥተውኛል፤ ለወይዘሮ ጥሩወርቅም ለትሉ ስለ ተቆፈረው መደባቸው ፍኖተ ሰላም ላይ እንዳደርስ አንድ እፍኝ የጎመን ዘር። ዘንጋችንን ስንሸከም ታደገን እጁን ያዙት።

“ያን ምክር የሚመስለውን መንጠቆ አንዱን ተውልኝ።”

ታደገ ያችን የያዘበትን ከኮቱ ገበር ነቅሎ ሰጣቸው። እኔ ዓይኔ ቁናው ላይ ነበር፤ ከድንጋዩ አጠገብ ባዶውን ተደፍቷል።

“ብርብራውንስ ምን አደረጉት እትዬ?” አልሁ።

ውሃው ዳር ወዳለው ትኩስ ቁፋሮ አመለከቱኝ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

“አያሌው የለቀመውን መጣል አልሆነልኝም” አሉ። “ዘር አይዶል? ዘራሁት። ሲያድግ ለዓሣውም ጥላ ይሆናል።”